ለሌለ ሟች ለቅሶ

ካርቱም ውስጥ በእሷ ላይ የሚነቃባት ሰው ገና አልተወለደም።

ቡልቡል ይህን የምትለው ዝም ብላ አይደለም፤ የሦስት ወር ማስረጃ አላት። ስልሳ ሴት ተማሪ ከሚያድርበት የኮሌጅ ግቢ ገብታ ከስልሳዎቹም ጋር በልታለች፣ ስቃለች፣ በባልዲ ውኃ ተጣልታለች። አንዷ እንኳ ሁለቴ ዞራ አላየቻትም።

ቀትር ነው። በገበያው በረንዳ ሥር የስፌት መኪናዎች ይንጫጫሉ። ሦስተኛው ሰፊ ፊት ቆማ ቀሚሷን ዘረጋችለት።

«ጫፉ ተተርትሯል።»

«መቼ ይድረስ?»

«ማክሰኞ ካልደረሰ አልፈልገውም።»

ሰፊው ቀና ብሎ እንኳ ሳያያት ተቀበለ። ጫፉ እጥፋት ውስጥ ብጣሽ ወረቀት አለች፤ ወረቀቷ ላይ ሦስት ስም። ሦስቱም ጥርጣሬ ብቻ ናቸው። የላካት የጸጥታ ሹም ሻምበል ወዲዕ ደግሞ በጥርጣሬ አይጠግብም። ሰፊው በምላሹ የናሙና ጨርቅ ሰጣት። ጨርቁ ላይ የተሰፋችውን መልእክት መንገድ ላይ አነበበቻት።

«ለሁለት ቀን ውጪ። አባትሽ ሞቷል።»

ሳቋ መጣ። እውነተኛው አባቷ ይሄኔ ኦምዱርማን ጥላ ሥር ተቀምጦ ዶሚኖ እየተጫወተ ያጭበረብራል።

ሥራዋ አንድ ነው፦ አንድ እጅ ማምጣት።

ኮሌጁን እንግሊዞች ከተማው መሐል የሠሩት ጸሐፊ እንዲፈለፈልላቸው ነበር። እነሱ ሄዱ፤ ኮሌጁ ለመንግሥት፣ ወንበሩ ለግመል ነጋዴና ለባቡር ሠራተኛ ልጆች ቀረ። መጀመሪያ የገቡት ሴቶች ከመጋረጃ ጀርባ ይቀመጡ ነበር አሉ፤ ዓመቱ ሳያልቅ መጋረጃውን አውርደው ትራስ ሰፉበት። ከሃያ ዓመት በፊት፣ በትልቁ አድማ ቀን፣ አንድ ልጅ በሩ ላይ በጥይት ወደቀ። በማግሥቱ ማክሰኞ፣ ከኒም ዛፉ ጎን ባለው ግድግዳ ላይ «ፋኖስ» የሚባል በመቃ ብዕር የተጻፈ ጋዜጣ ተለጥፎ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ አንድም ማክሰኞ አልቀረም። የመንግሥትን ገመና ይዘከዝካል። ጽሑፉ ደግሞ ሃያ ዓመት ሙሉ የአንድ ሰው እጅ ነው።

ያን እጅ ካመጣች፣ ሻምበሉ ቃል ገብቶላታል። የውሸት መታወቂያዋ እውነተኛ ይሆናል። ስሟ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ወንበሩም የራሷ ይሆናል። ቡልቡል ከስምንተኛ ክፍል የወጣች ልጅ ናት፤ የስልክ ቤት ወለል ትወለውል ነበር። እሷ ያን ወንበር የምትፈልገውን ያህል ባል የፈለገች ሴት ካርቱም ውስጥ የለችም።

ቴሌግራሙ ማታውን ደረሰ። ቡልቡል ግቢው እስኪናወጥ ጮኸች። የመኝታ ክፍል ጓደኛዋ በቱል ቶቧን አከናነበቻት፣ ፊቷን አጠበቻት፣ ሻንጣዋንም እሷው አሰረችላት። በቱል የሦስተኛ ዓመት የካርታ ሥራ ተማሪ ናት፤ ረጅም፣ ቀስ ብላ የምታወራ። አድራሻውን ጠየቀቻት። ቡልቡልም እንደተሰጣት አነበነበችላት፦ ዋድ መዳኒ፣ ከወንዙ ዳር ሰፈር፣ የሐጂ ሙስጠፋ ቤት።

ሁለት ቀን ኦምዱርማን አንድ ቤት ተዘግቶባት የእጅ ጽሑፍ ስታነጻጽር ከረመች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ተመለሰች።

ግቢው ጭር ብሏል።

ዘበኛው ዓም ጁባራ ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ። መዳፉን ዘርግቶ የሐዘን ጸሎቱን ፋቲሃ ቀራላት፤ ከዚያ ግራ ገባው።

«አላገኙሽም እንዴ፣ ልጄ?»

«እነማን?»

«ልጆቹ ናቸዋ። አርባ ሁለት ሆነው አውቶቡስ ተኮናትረው ትናንት ለቅሶ ሊደርሱሽ መዳኒ ወረዱ።»

ሻንጣዋን መሬት አስቀመጠች።

ሻምበሉ የቴሌግራሙን ማኅተም አስቦ ነበር። ሰዓቱን አስቦ ነበር። የገዛ አገሩን ግን ረሳ። እዚህ አገር አባት የሞተበትን ሰው ብቻውን የሚተው የለም።

መሸሽ ነበረባት። ግን ክፍሉ ባዶ ነው፤ እንዲህ ያለ ቀን ሁለተኛ አይገኝም። የበቱልን ሣጥን በፀጉር መርፌ ከፈተችው። ልብስ። ሽቶ። የታችኛው ጣውላ ለቀቀ።

መቃ ብዕር። ቀለም። አንድ ወረቀት።

ወረቀቱ አናት ላይ አንድ መስመር ሰፍሯል። ሥሩ ያው መስመር ሃያ ጊዜ ተገልብጧል፤ መጀመሪያ እየተንጋደደ፣ በስተመጨረሻ ከላይኛው የማይለይ ሆኖ። ቡልቡል ገባት። እጁ የአንድ ሰው አይደለም። አንዱ ሲመረቅ ለሌላው ያስተምራል። በቱልም ይሄኔ አንዷን አስተምራ ይሆናል።

ይህን ግን ለሻምበሉ አትነግረውም። ሥራው ካላለቀ ወንበር የለም።

ልጆቹ አመሻሽ ላይ አቧራ ለብሰው ገቡ። በበቱል እየሳቁባት ነው፤ አድራሻ መጻፍ የማትችል ካርታ ሠሪ ይሏታል። ቡልቡልን እያቀፉ ይቅርታ ጠየቋት። ዳቦው በፉል መረቅ ተፈርፍሮ የሰሊጥ ዘይት ፈሰሰበት፤ ሁሉም በአንድ ሳሕን ከበቡ። ትልቁን ጉርሻ ለሐዘንተኛዋ አጎረሷት።

ኋላ በቱል የወተት ሻይ ይዛ አጠገቧ ተቀመጠች።

«ወንዝ ዳር ሦስት ቤት ለቅሶ ነበር» አለቻት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሦስቱም ጋ ገብተን አለቀስን። አንዱ ጋ ሟቿ ሴት ነበረች።»

ቡልቡል ብርጭቆውን አላነሣችም።

«አድራሻውን አልተሳሳትኩም። ተሳሳትኩ ያልኳቸው ቢያውቁ ከሰገነት ስለሚወረውሩሽ ነው።»

«ለምን አልነገርሻቸውም?»

«ጂኦግራፊ ክፍል ስትጽፊ አይቼሻለሁ። ሌላው ሁሉ ውሸት ነው፤ እሱ ግን ውሸት አልመሰለኝም። ነገ ባቡር አለ። ሂጂ። እኔ የማውቀው የለም።»

ቡልቡል አመሰገነቻት። ከልቧ ነው።

በነጋታው ወደ ሰፊው ሄደች።

ምልክቱን ሻምበሉ ራሱ መረጠው። ሐዘንተኛ ለቅሶ የደረሳትን ስታገኝ ሁለት መዳፍ ይዘረጋል፤ ፋቲሃ ይቀራል። የምትያዘው ቡልቡል መዳፏን የምትዘረጋላት ናት።

ማክሰኞ፣ ረፋድ። ኒሙ ሥር አንድ ልጅ ሣጥን ላይ ቆሞ ስለ ዳቦ ወረፋ ይሟገታል፤ ከበው የሚሰሙት ይተርቡታል። ሦስት አዲስ ፊቶች ደብተር ይዘዋል። ደብተሮቹ አዲስ ናቸው።

በቱል ግድግዳው ሥር ናት። ቡልቡል ስትመጣ አየቻት። አለመሄዷ ገባት።

ቡልቡል በሰው ሁሉ ፊት መዳፎቿን ዘረጋች።

ግቢው አየ። በቱል እጇን ብትሰበስብ ሐዘኑ ሐሰት መሆኑ ያን ሰዓት ይታወቃል፤ ልጆቹም ቡልቡልን ይዘነጥሏታል። በቱል አንድ ትንፋሽ ያህል ቆየች።

ዘረጋች።

የጣቶቿ ጫፍ ጥቁር ነበር።

ሦስቱ ሰዎች የያዙት አንጓዋን ነው። እዚያው፣ ሣጥኑ ላይ፣ ቀኝ እጇን አስደግፈው በጫማ ረገጡት። አንዴ አይደለም። በቱል ሁለቱን ቻለችው፤ በሦስተኛው ጮኸች። የቡልቡል መዳፍ እንደተዘረጋ ቀረ። ዓም ጁባራ ከበሩ አይቷት ፊቱን አዞረ።

በሳምንቱ ማክሰኞ «ፋኖስ» ተለጠፈ። እጁ ያው ነው።

ሻምበል ወዲዕ ይቆጣል ብላ ነበር። እሱ ግን ግድም ሳይሰጠው ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉር ነበር። እጁ የሚወረስ መሆኑን ከዱሮ እንደሚያውቅ ነገራት። ከላይ ያሉት አንድ ሰው ስጡን አሉ፤ አንድ ሰው ተሰጣቸው። ልጅቱ ከእንግዲህ ማንኪያም አትይዝም፤ ይበቃል።

ከዚያ ጠረጴዛው ላይ የፖርት ሱዳን የባቡር ትኬትና አዲስ መታወቂያ ወረወረላት። ሌላ ስም። የወደቡ ስልክ ቤት፣ ወለል ወልዋይ።

«ጀናቦ፣ ጌታዬ፣ ወንበሩስ?»

«የቱ ወንበር?»

ቡልቡል ከቦርሳዋ አራት ቦታ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። የጂኦግራፊ ፈተናዋ ነው። ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በእጇ ዳበሰችው።

«ከመቶ ሰባ ስምንት። ይህን እርስዎ አልሰጡኝም፣ ጀናቦ። ራሴ ነኝ ያገኘሁት።»

ሻምበሉ ወረቀቱን አላየውም።

«አራሚው የኛ ሰው ነው፤ እንዳትባረሪ ሞላልሽ። ያገኘሽው አሥራ አንድ ነው።»