በኤደን ቤት ስንት ሰው አለ

«ማርያምን በይ» አለች ኤደን በስልክ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«እኛ ቤት እንደማይማል ታውቂያለሽ» አለች ቤዛ።

«እንግዲያው ቃል ግቢልኝ። ለማንም አትተነፍሺም።»

«እሺ አቦ፣ አልተነፍስም።»

ምስጢሩ ይህ ነው። የክፍል ጓደኛዋ ኤደን ከእናቷ ከእትዬ መሠረት ጋር ኩዌት ውስጥ፣ አቡ ሐሊፋ በሚባል ሰፈር፣ አንዲት ክፍል ተከራይተው ለሁለት ይኖራሉ፤ ሰው የሚያውቀው ይህንኑ ነው። ግን ከማዳሞቻቸው ቤት የጠፉ ሦስት ሴቶች፣ የኮሮና በሽታ ከገባ ወዲህ መጠጊያ ሲያጡ፣ መጥተው በራቸውን አንኳኩ። እትዬ መሠረት ደግሞ ሰው በር ላይ ማስቀረት አያውቁበትም። ሴቶቹ ኢቃማቸው ስለተሰረዘ የመኖሪያ ወረቀት የላቸውም። ሹርጣ፣ የአገሩ ፖሊስ፣ ቢያገኛቸው እነሱም ይታሰራሉ፣ የደበቃቸውም ይጠየቃል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ጫማቸውን አውልቀው፣ ሳላቸውን በትራስ አፍነው ይውላሉ።

ቤዛ ቃል በገባች በማግስቱ ጉድ ፈላ። እስከዚያ የሰዓት እላፊ ብቻ ነበር፤ አሁን ከነገ ከሰዓት ጀምሮ አገሩ በሙሉ ጥርቅም ብሎ ይዘጋል ተባለ። ለሳምንታት መኪና ከሰፈር ሰፈር አያልፍም።

ማንጋፍ ሰፈር ያለው የነቤዛ ሳሎን መጋዘን መስሏል። የወላጆቿ የጸሎት ኅብረት ሰዎችና ሚሽሪፍ ሰፈር በየቤቱ የሚሠሩ ኦርቶዶክስ እህቶች ያዋጡት ሩዝ፣ ምስር፣ ዱቄትና ዘይት እስከ መስኮቱ ተከምሯል። የዳቦ መኪና የሚነዱት ጋሽ ነጋሽ ነገ ጠዋት የመጨረሻውን ዙር ይዞራሉ። ከዚያ በኋላ ማንጋፍ የማንጋፍን፣ አቡ ሐሊፋም የአቡ ሐሊፋን ይበላል፤ የተሳሳተ ሰፈር የወረደ ሩዝ እዚያው ይቀራል። ስለዚህ የት ስንት አፍ እንዳለ ዛሬውኑ መታወቅ አለበት።

ይህ ደግሞ ከሐበሻ ጋር ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ ትልልቆቹ እየደወሉ «ምን ጎደላችሁ?» ብለው ጠየቁ። መልሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ ነው፤ «ተመስገን፣ ሞልቶልናል፣ ለተቸገረ ስጡ።» ይህ ቢታመን ኩዌት ውስጥ የተራበ ሐበሻ አንድም የለም። በኋላ «ሞልቶልናል» ካሉት አንዷ፣ ኤልሣቤጥ የምትባል፣ ለልጇ የሩዝ ውሃ ስታጠጣ ጎረቤት አየቻት። ይሄኔ ጋሽ ነጋሽ ተቆጡ።

«ምን ጎደለ አትበሉ» አሉ። «ትናንት ምን በሰለ፣ ስንት ሰው በላ፣ ይህንን ጠይቁ። ደግሞ ልጅ ትደውል። ሰው ለልጅ አይኮራም።»

ሥራው ቤዛ እጅ የገባው እንዲህ ነው። እሷ በእናቷ ስልክ ትደውላለች፤ የአባቷ የፍቅሩ ስልክ ደግሞ ድምፁ ተከፍቶ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፣ የየሰፈሩ አስተባባሪዎች በዚያ ይሰማሉ። ዘዴውም ሠራ። አንዲት ሴትዮ «የኔ ድስት አንቺን ምን አገባሽ?» ብለው ከተቆጡ በኋላ «ሻይ በዳቦ ነው የበላነው» አሉ።

ቀጥሎ የኤደን ቤት ደረሰ።

«እትዬ መሠረት፣ ትናንት ምን በሰለ?»

«ማኮሮኒ ነው የኔ ልጅ። ሁለት ሰው ምን ይበላል ብለሽ ነው? ተርፎን አደረ።» ከኋላቸው አንድ ሰው ሳለና ወዲያው ታፈነ። ያ ማኮሮኒ ለአምስት ተከፍሎ እንደነበር፣ እትዬ መሠረትም «አላሰኘኝም» ብለው እንደተኙ ኤደን ለቤዛ ነግራታለች።

«ቤዛ፣ የመሠረት ቤት ስንት?» አለ አባቷ።

ከመመለሷ በፊት ከጠረጴዛው ስልክ ሌላ ድምፅ ቀደማት። ከበደ ነው፤ የአቡ ሐሊፋው አስተባባሪ፣ ከነኤደን በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖር፣ ልቡ ደግ ቢሆንም አፉ የማያርፍ ሰው። «ሁለት ነን ይላሉ እንጂ፣ ከላይ ውሃው ሲንፏፏ ነው የሚውለው። ዛሬማ ቆጥረን እንደርስበታለን» ብሎ ሳቀ።

«ሁለት» አለች ቤዛ ፈጠን ብላ። «ሁለት ናቸው።»

«ሁለት» አሉ ጋሽ ነጋሽ በዚያው ስልክ፤ ወደሚቀጥለው ቤት ታለፈ።

ቤዛ የቀሩትን ስትደውል የሚሏትን በደንብ አልሰማችም። ፈርታለች። ብትናገር ከበደ ይሰማል፤ ከበደ ከሰማ ሕንፃው ሁሉ ይሰማል፤ ከዚያ ሹርጣው በሩን ሲደበድብ ታያት። ዝም ብትል ደግሞ የሁለት ሰው ሩዝ ለአምስት ሰው፣ ያውም ለሳምንታት። ቃል ገብታለች። ቃሏን ስትሰጥ ግን መንገዱ እንደሚዘጋ ማን አወቀ?

አባቷ የየቤቱን ከረጢት እየቋጠረ ሳለ ሄዳ አጠገቡ ቆመች።

«አባዬ፣ ስልኩን ዝጋው።»

ዘጋው።

«የኤደን ቤት አምስት ነው። ለምን እንደሆነ አትጠይቀኝ። ለጋሽ ነጋሽም አትንገር።»

ፍቅሩ ልጁን ትክ ብሎ አያት። ከዚያ ወደ በሩ ተመለከተ፤ እሱም እንደፈራ ያን ጊዜ ገባት። «ሳልናገር ከማን ላይ እቀንሳለሁ?» አለ ለራሱ የሚያወራ መስሎ። «ሁሉም ተደልድሏል እኮ።»

እናቷ የሺመቤት ከወጥ ቤት ብቅ አለች። የራሳቸውን ቤት ከረጢት ከጥግ ጎትታ አመጣችና ፈታችው። ሩዙንም ምስሩንም ወደ ኤደን ቤት ከረጢት ገለበጡት፤ የነሱ ከግማሽ በታች ሆነ።

«ከነጋሽ ጋር እኔው ሄጄ አደርሰዋለሁ» አለ አባቷ። «ከበደ አይነካውም።»

በማግስቱ እስኪመለስ ቤዛ ከመስኮቱ አልራቀችም። ሲመጣ እጁን በሳሙና እየታጠበ «ደርሷል» ብቻ አላት።

ጥቂት ቆይቶ የኤደን መልእክት ገባ። «ለአምስት ሰው የሚበቃ መጣልን። እማዬ ተነቅቶብናል ብላ እያለቀሰች ነው። ሴቶቹ ሳይዘጋ እንውጣ ይላሉ። ቤዚ፣ አንቺ ነሽ የተናገርሽው?»

ቤዛ «እኔ እንጃ» ብላ ጻፈች። እንዲያ ካለች ጓደኛዋን አታጣም። ግን ማን እንዳወቀባቸው ካልተረዱ ሴቶቹ ይወጣሉ፤ ወጥተው ደግሞ የት ሊገቡ ነው? ሳትልከው አጠፋችው።

«እኔ ነኝ» ብላ ጻፈች። «ከአባዬና ከእማዬ ሌላ ማንም አያውቅም። ሰው እንዳይሰማ ከራሳችን ከረጢት ነው የተቀነሰው። በናትሽ አይውጡ በያቸው።»

ኤደን አየችው።

ከሰዓት የመዘጊያው ሳይረን ጮኸ፤ ከመስኮቱ በታች ያለው መንገድ ጭር አለ። ቤዛ አሁንም ስልኩን እንደያዘች ነው። በመጨረሻ መልእክት መጣ።

«አልወጡም። አንቺን ግን አሁን ማናገር አልችልም።»

«እሺ» ብላ ጻፈች። ከዚያ ወጥ ቤት ገባችና የእራቱን ሩዝ፣ ከሌላው ቀን አሳንሳ፣ መስፈር ጀመረች።