የጓሳው ማጭድ

«ይህን ለሰው አታሰሚም፤ አሁኑኑ አጥፊው» አለች አክስቷ አልጣሽ።

ብሌን ቅጂው ያለበትን ስልክ ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። መምህር ናሁሰናይ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ከቤታቸው አንድ የቆየ ዕቃ መርጠው ታሪኩን ከአዋቂ አፍ እንዲቀዱ አዟል። ዓርብ ወላጆች በተሰበሰቡበት ይደመጣል። የክፍሉ ልጅ ሁሉ ስለ ጦርና ጋሻ ሲያወራ፣ እሷ ግድግዳው ላይ ከተሰቀለ የዛገ ማጭድ በቀር ምንም አላገኘችም። እውነቱን ለመናገር አፍራበት ነበር።

አያቷ አባባ ዱባለ ግን ቅድም ማጭዱን አውርደው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡና ለልጆቻቸው እንኳ ያልነገሩትን ነገሯት። እሳቸው በተወለዱበት ክረምት የጎጆው ክዳን ያፈስስ ነበር። ያ ዓመት ደግሞ አገሩ ተስማምቶ የጋራ የሣር ምድሩን ጓሳን የዘጋበት ነው፤ አንዲት ጭብጥ ሣር ማጨድ እንኳ ክልክል ነበር። አባታቸው፣ ፈንታ የሚባለው፣ አራሷና ሕፃኑ ሲርሱ ማየት አልቻለም። በጉም ተከልሎ አጨደና ቤቱን ከደነ። ማንም አላየውም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግን ሕዝቡ ፊት ቆሞ ራሱን ከሰሰ።

«ሣሩን ነቅለህ ለቤተ ክርስቲያኑ ክዳን አስረክብ ብለው ፈረዱበት» አሉ አባባ ዱባለ። «በዝናብ በገዛ እጁ አፈረሰው። እናቴ እኔን በበግ ፀጉር ባና ጠቅልላ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ከዚያ የፈረዱበት ሰዎች ራሳቸው መጡ፤ እያንዳንዱ ከቤቱ ክዳን የመዘዘውን አንዳንድ እስር ሣር ይዞ። ሳይመሽ ከደኑልን። የዚያን ክረምት የአገሩ ቤት ሁሉ ትንሽ ትንሽ አፈሰሰ።»

ፈንታ ማጭዱን ዳግመኛ ሳይነካው ሰቅሎት ቀረ።

ብሌን ማጭዱን በሁለት እጇ ተቀበለች። የእነዚያ ሰዎች የልጅ ልጅ ልጆች እኮ ከእሷ ጋር አንድ ክፍል ይማራሉ። ይህን ሁሉ ሳታውቅ በየቀኑ ደጃቸውን ስታልፍ ኖራለች።

«በቀበሌው ሰው ሁሉ ፊት የሌባ ዘር ልታሰኚን ነው?» አለች አልጣሽ። ቢያንስ ስርቆቱን ቆርጣ እንድታወጣ፣ ጎረቤት ቤት መክደኑን ብቻ እንድታስቀር መከረቻት። ምክሩ አልከፋም። የክፍሏ ልጅ ዳኜ ይህን ከሰማ እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሙድ እንደሚይዝባት ብሌን ታውቃለች።

«አባባ፣ ልቁረጠው?»

«ዕድሜዬን ሙሉ ይዤው ኖርኩ» አሉ ረጋ ብለው። «አሁን ያንቺ ነው።»

ዓርብ ተራዋ ደረሰ። ዳኜ ከፊት ተቀምጧል፤ አክስቷ ከወላጆቹ መሀል አቀርቅራለች። ብሌን ማጭዱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ቅድመ አያቴ የጓሳን ሣር ሰርቀው ነበር» አለች። «ቤታችንን መልሰው የከደኑት የእናንተ ቅድመ አያቶች ናቸው።»

ከዚያ ቅጂውን ከመጀመሪያው ከፈተችው።