የሽፋኑ ጀርባ

የሱቁ ባለቤት የተገኘው በመቁረጫ ማሽኑ ሥር ተዘርሮ ነው። የማብሪያው ፕላስቲክ ሽፋን ተበስቶ፣ በቀዳዳው የሾለከ ሽቦ ከብረቱ ጠረጴዛ ጋር ተገናኝቷል። ጠዋት ቀድሞ የሚገባው እሱ ነበር፤ ጠረጴዛውን ሲነካ ኤሌክትሪክ ገደለው።

ኢንስፔክተሯ ስትደርስ ፖሊሶቹ ነገሩን ጨርሰውት ነበር። የሟቹ ታናሽ ወንድም በካቴና ታስሮ ጥግ ላይ ተቀምጧል። በዚህ ጥርት ካለ ፕላስቲክ የዕቃ ማሳያ ሣጥን በሚሠራበት ቤት እሱን በስሙ የሚጠራው የለም፤ የያዘውን ሁሉ ስለሚሰነጥቅ «ሰንጣቂው» ነው። የሽፋኑ ቀዳዳ ዙሪያው ተሸራርፏል፤ የበሳችው የመሰርሰሪያ ፑንታም ከእሱ መሳቢያ ተገኝታለች። ያለቀ የደቀቀ ጉዳይ! እንዲህ አመቻችቶ የሚጠብቅ ማስረጃ ግን አይጥምም። ኢንስፔክተሯንም አልጣማት።

«እኔ ወንድሜን ልግደል?» አለ ሰንጣቂው። «ያሳደገኝን?»

«ትናንት ሲጮህብህ ተሰምቷል» አለችው ኢንስፔክተሯ።

«የሥራው ኃላፊ ላድርግህ ሲለኝ ነው የተጨቃጨቅነው...»

ሳይጨርስላት ወደ ሱቁ ዋና ባለሙያ ዞረች። ጸጉሩ የሸበተ፣ ጥፍሩ የጸዳ ሰው ነው።

«ፑንታ እንዴት ነው የሚመረጠው?»

«ይቺ የብረት መብሻ ናት» አለ አንዷን አንስቶ። «ፕላስቲክ ሲሆን ነክሳ ትሸራርፈዋለች። ይቺኛዋ ጫፏ ሾጠጥ፣ ስለቷ ደነዝ ያለ ነው፤ ፋቅ ፋቅ እያደረገች ትገባለች። ፍጥነቱም ቀስ ነው፤ አለዚያ ይቀልጣል።» ስለ ልጆቹ የሚያወራ ይመስል ድምፁ ለስልሷል። «ሰንጣቂው ግን ሁልጊዜ የብረቷን ያነሳል።»

«ሽፋኑንም የበሳችው እሷ ናት?»

«ምን ጥያቄ አለው፤ ያስታውቃል።»

«እሱማ የመብሻ ጠረጴዛውንም ጭምር ነው የሚበሳው!» አለች የሟቹ ሚስት ከበሩ አጠገብ። «ሥሩ እንጨት አድርግ ሲባል መች ሰምቶ! ባሌ ስንቴ ጠረጴዛ ቀየረለት...» ሳቅ ሊያመልጣት ሲል ባሏ ትዝ አላትና አለቀሰች።

ኢንስፔክተሯ የማብሪያውን ሽፋን ወደ መስኮቱ ወሰደችው። ፊቱን አየች፤ ገልብጣ ጀርባውን በጣቷ ዳበሰች።

«ካቴናውን ፍቱለት። ሁላችሁም ቅረቡ።»

ለሰንጣቂው ቁራጭ ፕላስቲክ ሰጠችው። «እንደ ልማድህ ብሳ።» የብረቷን ፑንታ አነሳና በሳው። ጠረጴዛውም አልቀረለትም።

«እርስዎ ደግሞ» አለችው ባለሙያውን፣ «የእሱን እጅ አስመስለው ያበላሹልኝ።»

ባለሙያው ፈገግ አለ። የብረቷን መረጠ፣ ቁራጩን አመቻቸ፣ ፍጥነቱን ጨመረ። ፊቱ ተሸራረፈ፤ ከሰንጣቂው ሥራ አይለይም።

ሁለቱንም ገለበጠቻቸው።

«የሰንጣቂው ጀርባው እንደ ተገመጠ ብስኩት ነው፤ ጠረጴዛው ተበሳስቶ ወንፊት ስለሆነ ፑንታዋ ስትወጣ የሚደግፍ የለማ። የእርስዎ ግን ልስልስ ነው። አበላሹ እያልኩዎት እንኳ ሥሩ እንጨት አደረጉ።»

ባለሙያው ጠረጴዛውን አየ። እንጨቷ እዚያው አለች። መቼ እንዳነሳት አላወቀም።

«አሁን የማብሪያውን ሽፋን ይገልብጡት» አለቻት የሟቹን ሚስት።

ጀርባው ልስልስ ነበር።

«ሰንጣቂውን ለመምሰል መጥፎዋን ፑንታ መረጡ፣ በኋላም መሳቢያው ውስጥ ከተቷት። እጅዎ ግን አልታዘዝ አለ። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ!»

ባለሙያው ዝም ቢል ይሻለው ነበር፤ ንዴቱ ግን ቀደመው።

«እኔ ላይ እሱን ይሹም?» ብሎ ጮኸ። «አንድ ቀዳዳ በወጉ መብሳት የማይችለውን?»

ካቴናው ወደ እሱ እጅ ተዛወረ። ሰንጣቂው ተነሥቶ ፊት ለፊቱ ቆመ።

«ጋሼ» አለው። «እኔ እኮ ወንድሜን እምቢ አልኩት። ከጋሼ በላይ አልቀመጥም አልኩት። ትናንት የጮኸብኝ ለዚህ ነው።»

ባለሙያው ዞሮ እንጨቷን አያት። ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ።