«አይቻለሁ» ብዬ የጻፍኩበት ቀን

ቅናት በባልና በሚስት መካከል ብቻ ያለ የሚመስለን ብዙ ነን። እኔን የያዘኝ ግን ቢሮ ውስጥ፣ ኮምፒውተር ፊት እንደተቀመጥኩ ነው። የምጽፈው ሰው ይማርበት ብዬ እንጂ የሚያኮራ ታሪክ ሆኖ አይደለም።

የምንሠራው ለአንድ ሆስፒታል ፕሮግራም ነው። ቀጠሯቸው ሲደርስ ታካሚዎች በስልካቸው መልእክት ይላክላቸዋል። መረጃው የሚመጣልን ዝርዝር በዝርዝር ውስጥ ሆኖ ነው፤ ትልቁ ዝርዝር የዓይን፣ የልብ፣ የሕፃናት እያለ ክፍሎቹን ይይዛል፤ በየክፍሉ ውስጥ ደግሞ የታካሚዎቹ ዝርዝር አለ። ስልክ የሌላቸውን አጣርቶ ማውጣት፣ የቀሩትን ወደ መልእክት መቀየር፣ ሥራው ይኸው ነው። እኔ ይህን በስልሳ መስመር ጽፌው ለዓመታት ሠርቷል። እኮራበትም ነበር።

ታዲያ አንዲት ገና ከትምህርት የወጣች ልጅ ተቀጠረችና በሁለተኛ ሳምንቷ ስልሳውን መስመር ሦስት አደረገችው። ላምዳ በሚባለው ነው፤ ስም እንኳ ሳይወጣለት በተፈለገበት ቦታ የሚጻፍ አጭር ትእዛዝ ነው። አንዱ ላምዳ ያጣራል፣ ሌላው ይቀይራል፣ አለቀ። አለቃችን ደስ ብሎት «ባለሦስት መስመሯ» የሚል ስም አወጣላት፤ ቢሮው በሙሉም ተቀበለው። የእኔን ስልሳ መስመር ያነሳ አልነበረም። ሻይ ስትጋብዘኝ ሳልጠጣ ጠጥቻለሁ እላት ነበር። ይባስ ብላ «ጋሼ» ትለኛለች፤ ገና አርባ ዓመቴ እኮ ነው።

በቢሯችን ደንብ አንዱ የጻፈውን ሌላው አንብቦ ከሥሩ «አይቻለሁ» ካላለ ሥራ ላይ አይውልም። የእሷ ለእኔ ደረሰኝ።

«ጋሼ፣ ስህተት ካገኙ እንዳያልፉኝ፤ መማር እፈልጋለሁ» አለችኝ።

ስህተቱን ወዲያው አየሁት። ማጣሪያው ታካሚዎቹን አንድ በአንድ እንዲያይ በውስጠኛው ዝርዝር ላይ መቀመጥ ነበረበት። እሷ ግን ውጪኛው ላይ አድርጋዋለች። ስለዚህ የሚያየው የየክፍሉን የመጀመሪያ ታካሚ ብቻ ነው፤ እሱ ስልክ ከሌለው ክፍሉ በሙሉ ይወድቃል። በሙከራው ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሁሉ ስልክ ስለነበራቸው አልታወቀም። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እኔ ግን ትዋረድ፣ ልኳን ትወቅ አልኩ። «አይቻለሁ» ብዬ ጻፍኩ። አልዋሸሁም፤ በእርግጥም አይቻለሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሱሪ ለማሳጠር ሰፈራችን ወዳሉት ልብስ ሰፊ ሄድኩ። እትዬ ነው የምንላቸው። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል። መርፌና ክር አቀበሉኝና «እስቲ ልጄ፣ አንተ አስገባልኝ» አሉኝ። ከዚያም አጫወቱኝ።

«ለቀዶ ጥገናው ተራዬ ደርሶ ነበር። ቀኑን በስልክ እንነግርዎታለን ብለውኝ ስጠብቅ አለፈኝ። አሁን ሌላ አራት ወር ነው አሉኝ። እስከዚያ በምን ዓይኔ እሰፋለሁ?»

የትኛው ሆስፒታል እንደሆነ ጠየቅኳቸው። እኛ የምንሠራለት ሆስፒታል ነው፤ ክሩን ሳላስገባ መርፌውን መለስኩላቸው።

በማግስቱ ቢሮ ስገባ ሆስፒታሉ ደውሏል። ከዓይን ክፍል ዐሥራ አንድ ሰዎች መልእክት አልደረሳቸውም። ልጅቷ ታለቅሳለች፣ አለቃችን ከአጠገቧ ቆሟል። የተመኘሁት ይህንኑ ነበር፤ ሳየው ግን ራሴን ጠላሁት።

«ስህተቱን ያኔውኑ አይቼዋለሁ» አልኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። «ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«ቀንቼብሽ ነው።»

«እኔ እኮ የእርስዎን ስልሳ መስመር ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ሥራው የገባኝ ከእሱ ነው» አለችኝ።

አለቃችን የሰው ሥራ ማንበብ ከለከለኝ፤ አልተከራከርኩም። ማጣሪያውን ወደ ውስጠኛው ዝርዝር ለማዛወር አምስት ደቂቃ አልፈጀብንም። የእትዬን ተራ ለመመለስ ግን ሆስፒታሉን ደጅ ብጠናም አልሆነም።

ወገኖቼ፣ ባልደረባችሁ ሲሳሳት አይታችሁ ዝም ስትሉ የምትቀጡት እሱን ይመስላችኋል። ቅጣቱ የሚያርፈው ግን ምንም ባላደረገ ሰው ላይ ነው። ያያችሁትን ተናገሩ፤ ቅናታችሁንም ቢሆን።

አሁን በየጠዋቱ ከሥራ በፊት እትዬ ጋ ጎራ እያልኩ ለቀኑ የሚበቃቸውን መርፌ ሁሉ ክር አስገባላቸዋለሁ። ምክንያቱን ነግሬያቸዋለሁ። የነገርኳቸው ዕለት መርፌዎቹን ከእጄ ወስደው ጀርባቸውን ሰጡኝ። በማግስቱ ስደርስ ግን መርፌዎቹ በሩ አጠገብ፣ በርጩማው ላይ ተደርድረው ይጠብቁኝ ነበር።