የጥፍር ቀለም የተቀባው ብሎን

ለሚመለከተው ሁሉ፣ ለማይመለከተውም ጭምር፣ እነሆ ይታወቅ፦ በእሳት አደጋና አምቡላንስ ጣቢያው ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ የእጅ ሬዲዮ የራሱ መቀመጫ አግኝቷል።

ይህ ታላቅ ቀን ከመድረሱ በፊት ሬዲዮ ቤት እንደሌለው ሰው ሲንከራተት ነበር የኖረው። አንዴ በሾፌር ጭን፣ አንዴ በዳሽቦርድ ላይ፣ አንዴ ከወንበር ሥር ከብርቱካን ልጣጭ ጋር። የጣቢያው ኃላፊ ክራቫታቸውን አጥብቀው መጡ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ በአንዲት አምቡላንስ ጋቢና ውስጥ በሁለት ብሎን የታሰረች፣ መዳፍ የማታህል የብረት ማቀፊያ ፊት ቆመው ቀይ ጥብጣብ ቆረጡ። ተጨበጨበ። የዚያችው አምቡላንስ የቃሬዛ ቀበቶ ከተበጠሰ ከርሟል፤ እሱን ግን ማንም አላነሳውም። ለቀበቶ ጥብጣብ አይቆረጥማ።

ማቀፊያዋን የሠራው የጋራዡ ቴክኒሻን ከጭብጨባው ጀርባ ቆሞ እጁን በጨርቅ ይጠርጋል። ጣቢያው ሁሉ «ብሎን» ነው የሚለው። ነገር አንዴ ሆዱ ከገባ በመፍቻም አይወጣም ብለው ያወጡለት ስም ነው። ስሙን ያወጡት እየሳቁ ነበር። ኋላ ላይ ሳቁ ቀረ፣ ስሙ ግን ቆየ።

ነርሷ ከብሎን ጋር የተዋወቀችው ተራው የእሷ አምቡላንስ የሆነ ዕለት ነው። የረሳችውን ጓንት ልታነሳ ወደ ጋቢና ብቅ ስትል አንድ ጥንድ እግር ከዳሽቦርድ ሥር ወጥቶ አገኘች።

«ጥሩ ጊዜ መጣሽ» አለ እግሩ። «ተቀመጪ። ቀበቶሽን እሰሪ።»

«መኪናዋ እኮ ቆማለች!»

«ስትሄድ እንደምትቀመጪው ነው የምፈልግሽ። እሰሪ።»

አሰረች። ከሥር ወጥቶ በክፍቱ በር በኩል ተንበረከከ።

«ዓይንሽን ጨፍኚ። አሁን ሬዲዮ ቢጠራሽ እጅሽ ወዴት ይሄዳል?»

እጇን ዘረጋች። እጇ የብሎን ጆሮ ላይ አረፈ።

«እዚህ ነው የሚገጠመው?» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ።

«እዚያ አይሆንም።»

«ለምን? ቢያንስ የሚሰማኝ አገኘሁ።»

ጆሮው በጣቶቿ መሃል ሲሞቅ ተሰማት። ዓይኗን ስትገልጥ እሱ ቶሎ ብሎ ወደ ብረቱ ዞሮ ነበር፤ አፉ ግን እንደ ልማዱ ሳይሆን ተፈታ። ዳሽቦርዱ ላይ ቢገጠም ከሥሩ በግጭት ጊዜ የሚነፋ ኤርባግ እንዳለ፣ ሲፈነዳ ሬዲዮውን ይዞ ፊቷ ላይ እንደሚመጣ ነገራት። ዝቅ ቢል ጉልበቷን ይሰብራል። በፕላስቲክ ላይ ቢታሰር ፕላስቲኩን ገንጥሎ ይሄዳል፤ ከጀርባው ብረት መኖር አለበት።

«ከራስ አጠገብ ደግሞ ምንም ነገር አልገጥምም» አለ። «መኪና ሲገለበጥ ውስጡ ያልታሰረ ነገር ሁሉ ድንጋይ ነው።»

«ለሴት የምታወራው ይኼን ነው?»

«ሌላ አላውቅም።»

ብሎኑን አጠበቀና ምልክት ማድረጊያውን ቀለም ቢከፍተው ደርቋል። አንገቱን ሲያዞር ነርሷ ከኪሷ ቀይ የጥፍር ቀለም አውጥታ ይዛለች።

«ነርስ ጥፍሯን ትቀባለች እንዴ?»

«የእግሬን ነው። ኃላፊው በጫማ ውስጥ አያዩም።»

ሳቀ። ከብሎኑ ራስ ጀምሮ እስከ ብረቱ ድረስ እንደ ክር የቀጠነ ቀይ መስመር አሰመረ።

«ብሎኑ ቢላላ መስመሩ ይሰበራል። መስመሩ ቀጥ ብሎ ካየሽው ብሎኑ ንቅንቅ አላለም ማለት ነው።»

«ቀለሙን ውሰደው» አለችው። «ሲያልቅ ግን ትገዛልኛለህ።»

ሳያልቅ ገዛላት። ከዚያ በኋላ የጣቢያው መኪና ሁሉ የእሷን የእግር ጥፍር ቀለም ተቀብቶ መንገድ ለመንገድ ሲጮህ ዋለ። ይህን ከሁለቱ በቀር ማንም አላወቀም። በመኪና ማጠቢያው አጠገብ ሲተላለፉ እሱ ጫማዋን ያያል፣ እሷ ሰማይ ሰማይ ታያለች፤ ፍቅራቸው ይኸው ነበር፤ በቂም ነበር።

የአባቷ ተራ ደረሰ። አባቷ የጣቢያው አንጋፋ ሾፌር ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ከሳይረን ሥር ስለፈጁ «ጋሽ ሳይረን» ይሏቸዋል። ጡረታ አፋፍ ላይ ናቸው። ነርሷ ትርኢቱን ልታይ ከጋራዡ በር ቆመች።

ብሎን በግራው መስኮት በኩል ቆሞ «ጋሼ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ» አለ። ጨፈኑ። «አሁን እጅዎን ይዘርጉ።»

ጋሽ ሳይረን ንቅንቅ አላሉም።

«እጅዎን ይዘርጉ፣ ጋሼ።»

ብሎን አያቸው። ከዚያ መኪናዋን ዞሮ በቀኙ በር ገባና ያንኑ ቃል በዚያው ድምፅ ደገመው። እጃቸው ወዲያው ተዘረጋ።

«አባዬ ሊያስለፋህ ነው!» ብላ ሳቀች ነርሷ። አባቷም ሳቁ። ብሎን አልሳቀም።

ሥራው ሲያልቅ አባቷ ብሎንን ትከሻውን ይዘው ወደ ጋራዡ ጓሮ ወሰዱት። ከሩቅ አየች፤ አባቷ ይናገራሉ፣ ብሎን መሬት መሬት ያያል፣ አባቷ እጁን ይይዙታል፣ ብሎን በመጨረሻ በእሺታ ራሱን ይነቀንቃል። ልቧ ዘለለ። አባት ልጁን ለሚፈልግ ወንድ የሚናገረውን እየተናገሩ ነው ብላ ደመደመች።

ማታ እራት ላይ አባቷ እንዲያው ከመሬት ተነሥተው «ያ ልጅ ሆደ ሰፊ ነው፤ ነገር ይችላል» አሉ። «አገባዋለሁ ብትዪኝ አልከለክልሽም።»

«ማን አገባዋለሁ አለ?»

«ምን አልሽ?»

«ምንም!» ብላ ጮኸች፤ እናቷ አፋቸውን በመዳፋቸው ከድነው ሳቁ።

በዚያ ቤት ከዚያ በኋላ እንዲያ አልተሳቀም።

ዝናብ ሲጥል በዋለበት ቀን ነርሷ ከሾፌሯ አጠገብ ሆና ከሆስፒታል እየተመለሰች ነበር። ሬዲዮው ጠራ። እጇ ሳታይ ሄደ፤ ብሎን ባደረገበት ቦታ፣ ልክ እዚያው፣ አገኘው። የጋሽ ሳይረን መኪና ከመታጠፊያው ተንሸራትታ ቦይ ውስጥ ተገልብጣለች አለ የጥሪ ማዕከሉ ድምፅ። ከኋላ ከቃሬዛው አጠገብ የነበረው ረዳት ክርኑ ተላጠ እንጂ ደህና ነው። ሾፌሩ... አለና ድምፁ ቆመ። ማን እየሰማ እንደሆነ ትዝ ብሎት ይሆናል።

ሐኪሙ የተናገረው አጭር ነው። ቀበቶ አስረው ነበር፤ አጥንታቸው ሁሉ ደህና ነው፤ ሬዲዮው በርሮ ጆሮ ግንዳቸውን ባይመታቸው ኖሮ በእግራቸው በሄዱ ነበር።

በኃላፊው ቢሮ ስብሰባ ተደረገ። ማቀፊያው ባዶውን ተገኝቷል።

«ማቀፊያውን ማን አሰረው?»

«እኔ» አለ ብሎን።

«ታዲያ ሬዲዮው እንዴት ለቀቀ?»

ዝም።

«መልስ እንጂ፣ ሰውዬ!»

ዝምታው እንደ እምነት ቃል ተቆጠረለት። ብሎንን ከጋራዥ አውጥተው ጎማ አጣቢ አደረጉት። ኃላፊው ጥብጣብ ሲቆርጡ የተነሡትን ፎቶ ከግድግዳ አወረዱ፤ ሚስማሩ ግን ቀረ፤ ካፖርታቸውን ይሰቅሉበት ጀመር።

ነርሷ ጥቁር ለብሳ ጎማ ማጠቢያው ድረስ ሄደች።

«ለእኔ ንገረኝ። ላልቶ ነበር?»

«ያሰርኩት እኔ ነኝ።»

«እሱንማ አገር ሰምቷል! ላልቶ ነበር ወይ ነው የምልህ!»

የውኃውን ጎማ ይዞ ቆመ። ውኃው ጫማው ላይ ይፈሳል። ጠበቀች፤ ከዚያ በላይ መጠበቅ ስላቃታት ሄደች። እናቷ «የዚያ ልጅ እጅ የነካው ነገር በቤቴ አይግባ» ብለው ነበር፤ ነርሷም እቤት ገብታ መታጠቢያ ቤቱን ቆልፋ የእግር ጥፍሯን ቀለም በአሴቶን ፈተገችው፤ ቆዳዋ እስኪላጥ።

የጣቢያው ሾፌሮች በበኩላቸው ማቀፊያውን «ገዳዩ» አሉት። አንድ በአንድ እየነቀሉ ከጋራዡ ጥግ በካርቶን አጠራቀሙት። ሬዲዮ ወደ ዳሽቦርዱና ወደ ብርቱካን ልጣጩ ተመለሰ።

ዝናቡ ካበቃ በኋላ አንድ ቀን የነርሷ ሾፌር ድንገት መንገድ ለገባ ብስክሌት ፍሬን ያዘ። ከዳሽቦርዱ ላይ ሬዲዮው ተነሣ፣ በጉንጯ ጥግ አለፈ፣ የጎኗን መስታወት እንደ ሸረሪት ድር አድርጎት ወደቀ።

«ተረፍሽ!» አለ ሾፌሩ፤ በድንጋጤ ይስቃል።

ሬዲዮውን ከእግሯ ሥር አነሣችው። ከዚህ ቀደም እንዲህ ከብዷት አያውቅም።

«ማቀፊያውን ስትነቅለው ብሎኑ ላልቶ ነበር?» አለችው።

«የት አባቱ! በሁለት እጄ ተንጠልጥዬበት ነው የፈታሁት። መዳፌን ልጦኛል እኮ።»

«የሌሎቹስ?»

«የሁሉም እንደዚያው ነው። ሰይጣን ያሰረው ነው የሚመስለው።»

ፈረቃዋ ሲያልቅ ወደ ቤት አልሄደችም። ከጣቢያው ጀርባ የተሰባበሩ መኪኖች የሚጣሉበት ባዶ ቦታ አለ፤ እስከዚያ ቀን በዚያ በኩል አልፋ አታውቅም። የአባቷ አምቡላንስ ሣር በቅሎባት ቆማለች። የጋቢናውን በር በጉልበቷ ገፍታ ከፈተች።

ማቀፊያው በቦታው ነበር። ሁለቱም ብሎኖች ነበሩ። በሁለቱም ላይ፣ ከራሳቸው እስከ ብረቱ፣ እንደ ክር የቀጠነ ቀይ መስመር ነበር። አልተሰበረም። በጣቷ ዳሰሰችው። የራሷ ቀለም ነው። የማቀፊያው መያዣም አልተጣመመም፤ ሲጫኑት ጠቅ ብሎ ይዘጋል፣ ሲስቡት ይከፈታል። ሬዲዮው ከዚህ ተነቅሎ አልበረረም። መጀመሪያውኑ እዚህ አልነበረም።

ቀና አለች። ከመሃለኛው ስፖኪዮ እግር ላይ ጥቁር የፀጉር ላስቲክ ተንጠልጥሏል፤ እጥፍ ተደርጎ ታስሮ ኋላ የተበጠሰ። ከመታጠቢያ ቤት ጠፍቶባት ቤቱን ያመሰችበት የራሷ ላስቲክ ነው።

በአባቷ ወንበር ተቀመጠች። የላስቲኩ ቦታ ከቀኝ ጆሮዋ ትይዩ ነው።

ያን ጊዜ ሁሉም ነገር ተግተልትሎ መጣ። ጎረቤት በጩኸቱ የሚያማርርበት የአባቷ ቴሌቪዥን። እራት ላይ ሁልጊዜ «በዚህ በኩል ተቀመጪ፣ ልጄ» እያሉ በቀኛቸው ማድረጋቸው። «ምን አልሽ?» ማለታቸው። ብሎን መኪናዋን ዞሮ በቀኝ በር መግባቱ። የጋራዡ ጓሮ፣ ትከሻው ላይ ያረፈው እጅ፣ የብሎን ራስ መነቅነቅ። ያን ቀን የተወራው ስለ እሷ አልነበረም። አንድ ሽማግሌ ጡረታው እስኪደርስ የጆሮውን አለመስማት እንዲደብቅለት አንድን ወጣት ሲለምን ነበር የታየው። እሷ ደግሞ ከሩቅ ሆና ሠርግ ስታሰላ!

መሪውን አቅፋ አለቀሰች። መጀመሪያ ለአባቷ አለቀሰች፤ ከዚያ በአባቷ ተናድዳ አለቀሰች፤ በመጨረሻ ለማን እንደምታለቅስ ጠፋባት።

በማግሥቱ ጠዋት ፈረቃ ሲቀያየር ሾፌሮቹ ሁሉ ግቢ ውስጥ ተሰብስበዋል። ብሎን ከዳር ጎማ ያጥባል። ነርሷ የተበጠሰውን ላስቲክ ይዛ መሃል ገባች። እዚህ የምትለው ቃል ከመምሸቱ በፊት እናቷ ጆሮ እንደሚደርስ ታውቃለች፤ የአባቷ ስም ከዛሬ በኋላ እንዴት እንደሚነሣም ታውቃለች። የተሰነጠቀው የመኪናዋ መስታወት ግን ፊት ለፊቷ ነው።

«አባቴ በግራ ጆሮው አይሰማም ነበር» አለች።

ኃላፊው ከቢሮ በር ብቅ አሉ።

«ደብቆን ነበር የሚነዳው። ሬዲዮው እንዲሰማው ከማቀፊያው አውጥቶ በዚህ አሰረው፤ በእኔ ላስቲክ፤ ከራሱ አጠገብ። ብሎኑ አልላላም። ካላመናችሁ ሄዳችሁ እዩት፤ ቀይ መስመሩ አልተሰበረም። ማቀፊያውን መልሱ። ሌላ ሰው ሳይሞት መልሱ።»

ከሾፌሮቹ አንጋፋው ኮፍያቸውን አወለቁ። አንዱ ሾፌር ምንም ሳይናገር ወደ ጋራዡ ሄዶ ካርቶኑን ተሸክሞ መጣ። ኃላፊው ደግሞ የሚቆጡትን ሰው ፍለጋ ግቢውን ሲያማትሩ ዓይናቸው ብሎን ላይ አረፈ።

«አንተ! ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገርክም?»

ብሎን ውኃውን ዘጋ። እጁን በሱሪው ጠረገ። ካርቶኑ ውስጥ ጎንበስ ብሎ አንዲት ማቀፊያ አነሣ፣ «አሥራ ሦስት ቁጥር መፍቻዬን የት አደረጋችሁት?» አለ፤ ተቀብሎም ወደ ነርሷ አምቡላንስ ሄደ።

ተከተለችው። ጋቢና ገብታ ተቀመጠች። ከዳሽቦርዱ ሥር ሲገባ እግሩ ብቻ ቀረ፤ እንደ መጀመሪያው ቀን።

«ጆሮው እንደማይሰማ ስታውቅ ለምን ለእኔ አልነገርከኝም?» አለች ዝቅ ባለ ድምፅ። «ብትነግረኝ መሪውን እቀማው ነበር። ይጠላኝ ነበር፤ ግን ይኖር ነበር።»

የመፍቻው ድምፅ ቆመ።

«እሺ፣ ከሞተስ በኋላ? ለምን በሰው ጥፋት ተሰቀልክ? ለምን እንድጠላህ ተውከኝ?»

ከሥር ወጣ። ዓይኑ ቀልቷል። ይቅር ትበለው አትበለው ገና አታውቅም ነበር፤ ሁለቱ ጥያቄዎች እኩል አይደሉም፤ የመጀመሪያውን ቢመልስ እንኳ አባቷን አይመልስላትም። እጇ ግን ኪሷ ገብቶ፣ ጠዋት ስትወጣ ለምን እንደያዘችው ለራሷም ያልነገረችውን ቀይ ቀለም አወጣና ሰጠው።

ብልቃጡን ተቀብሎ በሁለቱ ብሎኖች ላይ ቀይ መስመር አሰመረ። አንደኛው መስመር ግን ጠመመ።

«ለምን?» አለችው እንደገና። «አንድ ቃል።»

«አልናገርም።»

«ለእኔም?»

«ለአንቺም። ቀበቶሽን እሰሪ።»