ያልተሰማው እልልታ

ኤፊ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቤታቸው ሰመራ ነው፤ ሦስት ጎረቤት በሚጋራው ግቢ ውስጥ። ልጆችዬ፣ የሰመራን ሙቀት ታውቁታላችሁ አይደል? የኤፊ ቤት ግን በዚያ ሙቀት መሀል ቀዝቅዞ ነበር። ለምን መሰላችሁ? ባለፈው ወር እናቷ ዕፀገነት ወንድ ልጅ ወልዳ፣ በሦስተኛው ቀን ሞተባት። ከዱብቲ ሆስፒታል ባዶ እቅፏን ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ መተኛት ሆነ። ኤፊ ለወንድሟ ስም እንኳ አውጥታለት ነበር።

ጎረቤታቸው አስረሳችም እርጉዝ ነበረች። አንድ ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ሚኒባስ በሩ ላይ ቆመና አስረሳች ወንድ ልጅ ታቅፋ ወረደች። ባለ ሱቋ ሱልጣና እየሮጠች መጣች። እልል ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ በእጇ ያዘችው።

«ኤፊዬ፣ እስኪ እናትሽን ጠይቂልን» አለች ዝቅ ብላ። «እልል ብንል ይከፋታል? ይከፋኛል ካለች ወላሂ ትንፍሽ አንልም!»

ኤፊ ሕፃኑን አየችው። ጣቶቹ ይንቀሳቀሳሉ። ሆስፒታል ሄዳ ያየችው የወንድሟም ጣቶች እንዲሁ ነበሩ። «የኛ ሞቶ የነሱ ለምን ይኖራል?» አለች በልቧ። ልጆች፣ እንዲህ ያለ ክፉ ሐሳብ ለማንም ይመጣል። ቁጭ በል ብሎ ማስተናገድ ነው ኃጢአቱ።

ኤፊ እስከ በራቸው ሄዳ፣ ሳትገባ ተመለሰች።

«እልል እንዳትሉ ብላለች።»

አስረሳች አንገቷን ደፋች። «እውነቷን ነው፤ እኔም ብሆን» አለች። ሁሉም እንደ ሌባ ቀስ ብለው ገቡ።

ኤፊ ቤት ስትገባ እናቷ ተነሥታ ቁጭ ብላለች።

«መኪና ሰማሁ። አስረሳች ናት?»

«አዎ።»

«ታዲያ እልልታው የታለ?» ጆሮዋን ወደ መስኮቱ ሰጠች። «እልልታ እኮ የለም! ሞተባት? እሷም እንደኔ ባዶ እቅፏን ገባች? ወይኔ አስረስዬ!»

ጥቁር ነጠላዋን ከምስማሩ አወረደች። ለልቅሶ ልትሄድ ነው።

ኤፊ የነጠላውን ጫፍ ያዘች። «እማዬ፣ አትሂጂ! አልሞተም! እኔ ነኝ... ሲጠይቁኝ እልል እንዳትሉ ብላለች አልኳቸው። ለምን እነሱ ብቻ ደስ ይላቸዋል ብዬ ነው!»

ኤፊ እናቷ ልትመታት መስሏት ዓይኗን ጨፈነች።

«አለ?» አለች እናቷ።

«አለ። ጣቶቹ ይንቀሳቀሳሉ።»

ዕፀገነት ጥቁሩን ነጠላ ጣለችው። በባዶ እግሯ ወጥታ፣ በዚያ በሚያቃጥል ግቢ መሀል ቆመች። እልል አለች። የመጀመሪያው ጉሮሮዋ ላይ ተሰበረ። በሁለተኛው እንባዋ ወረደ። በሦስተኛው ሱልጣና ከሱቋ «አልሐምዱሊላህ!» እያለች ተቀበለቻት። ለወንድ ልጅ ሰባት ነው፤ ሰባቱንም ሞሉት።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ አስረስዬ» አለች ዕፀገነት በሩ ላይ። ሁለቱ ተቃቅፈው አለቀሱ።

ኤፊ ከኋላ ቆማ ነበር። «እትዬ አስረሳች፣ ዋሽቻችሁ ነው። ይቅር በይኝ» አለች።

አስረሳች ሕፃኑን ወደ እሷ አስጠጋች። «ነይ፣ እጁን ያዢው» አለቻት። ሕፃኑ የኤፊን ጣት ጨብጦ አልለቅ አለ።

የዕፀገነት ሐዘን በዚያ ቀን አላለቀም፤ እንዲህ በቀላሉ አያልቅም። ግን ያን ዕለት ፊቷን ወደ ግድግዳ ሳይሆን ወደ ኤፊ አዙራ ተኛች።

ልጆቼ፣ ክርስቲያን የራሱ ልብ ቢያዝንም እንኳ በሰው ደስታ አብሮ ይደሰታል።