ምስሉ ድርቅ ሲል

ይሄን አንብቦ «ፈጥራው ነው» የሚለኝ ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። በሉ፣ አልቀየማችሁም። እኔ የምጽፈው የሆነውን ነው።

ሌሊት አልነበረም። መብራትም አልጠፋም። ሐሙስ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ኪቦርዴ ላይ ተኝታ ነበር።

ሥራዬ ቪዲዮ ኤዲቲንግ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው ሠርግ፣ የሰው ምርቃት፣ የሰው ሳቅ ስቆርጥና ስቀጥል ኖሬያለሁ።

ከዚያ ቀን አምስት ወር ቀደም ብሎ ታላቅ እህቴ ሞተች። እትዬ ነበር የምላት።

አላለቀስኩም። ሰው ሁሉ «ጠንካራ ነሽ» አለኝ። ምን ጠንካራ አለ... ዝም ብሎ ምንም አይሰማኝም። ሻይ እንኳን ሲያቃጥለኝ ዘግይቶ ነው የሚገባኝ።

ልጇን እኔ ወሰድኳት። ስምንት ዓመቷ ነው። አፏ ስለማያርፍ ወፌ እንላታለን። ማለቴ... አያርፍም ነበር።

እናቷ ከሞተች ጀምሮ አንድ ቃል አልወጣትም።

አንድም።

የትምህርት ቤቱ አማካሪ ጠርቶኝ «የእናቷን ድምፅ ያሰሟት» አለኝ። «ደስ ያላት ቀን ላይ የተቀረጸ ካለ... አጭር አድርገው ያሳዩአት።»

ነበረኝ። እትዬ አዲስ ቤት የገባች ቀን እኔው ራሴ የቀረጽኩት፣ አርባ ሁለት ደቂቃ። ዘመድ አዝማድ ዕቃ ሲያወጣና ሲያወርድ፣ እትዬ መሃል ሆና ስታዝ።

ከዚህ ዓለም የፈለግኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወፌ እንድታወራ።

ችግሩ ቪዲዮው ያለው አሮጌ ኤክስተርናል ድራይቭ ላይ ነው። ቀርፋፋ። ሥራውን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ካሜራ ቦታ እንዳይፈጅበት ቪዲዮውን ይጨምቀዋል፤ ኮምፒውተሩ ደግሞ ያንን እየፈታ ለማጫወት ያልበዋል። ያልተጨመቀውን ዓይነት ፎርማት ብትመርጡ ለኮምፒውተሩ ይቀለዋል፣ ግን ፋይሉ ገዝፎ ቀርፋፋው ድራይቭ ላይ ይታነቃል። ስለዚህ ብልህ ሰው ፕሮክሲ ይሠራል፤ ለሥራ ብቻ የሚሆን ትንሽዬ ቀላል ኮፒ።

እኔ ሰነፍኩ። እዚያው ድራይቩ ላይ ከፈትኩት።

ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ምስሉ ድርቅ አለ።

ጠረጴዛ የተሸከሙት ሁለቱ አጎቶቼ አንድ እግራቸውን እንዳነሱ ቀሩ። ከአንዱ ትከሻ ያመለጠ ጨርቅ አየር ላይ ቆመ።

እትዬ ግን መራመዷን ቀጠለች።

በአጎቶቼ መሃል አለፈች። ወንበር አስቀመጠች። ቀሚሷን አራገፈች።

ከዚያ ቪዲዮው ተንቀሳቀሰ... እሷም መጀመሪያ የነበረችበት ቦታ ላይ ሆነች።

መልሼ አየሁት።

አሁንም።

ምክንያት ፈለግኩለት። የተጨመቀ ቪዲዮ እያንዳንዱን ምስል ሙሉ በሙሉ አይዝም፤ ከቀደመው ምን እንደተለወጠ ብቻ ነው የሚይዘው። ድራይቩ ሲዘገይ አንዱ ቀርቶ ሌላው ሊቀጥል ይችላል። እንዲህ ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

አራተኛው ጊዜ ሲደርቅ እትዬ ወደ ካሜራው ዞረች።

መካኒኩ ጋ ደወልኩ። አብሮኝ የሠራ ልጅ ነው፤ የሞተ ድራይቭ ስለሚያስነሳ ነው መካኒኩ የምንለው። ቤት ውስጥ ብቻዬን ሆኜ ለምን እንደማንሾካሹክ አላውቅም።

«ይቆራረጥብኛል።»

«ድራይቩ ላይ በቀጥታ እየሠራሽ ነው አይደል? አንቺ ደረቅ! ስንቴ ልንገርሽ? ፕሮክሲ ሥሪ።»

«ምስሉ ሲቆም... አንድ ሰው አይቆምም።»

«እንቅልፍ ትተኛለሽ ለመሆኑ?»

«እተኛለሁ።»

«በይ ፕሮክሲውን ሥሪና ላኪልኝ።»

ሠራሁ። ኮፒውን ለመካኒኩ ላክኩለት፤ እኔም ኮምፒውተሩ ላይ አስቀምጬ ከፈትኩት። እንደ ውሃ ፈሰሰ። አጎቶቼ ጠረጴዛውን ይዘው ገቡ፣ ጨርቁ ወደቀ፣ መጋረጃው በነፋስ ተነሳ።

እትዬ ግን አትንቀሳቀስም።

በሩ ላይ ቆማ ካሜራውን ታያለች። ሰው በግራ በቀኟ ያልፋል። ዓይኗን አትጨፍንም። ነፋሱ መጋረጃውን ያነሳል፣ የእሷን ፀጉር አይነካም። ከአንደኛው ደቂቃ እስከ አርባ ሁለተኛው... እዚያው።

ድምፅም የላትም። ቤቱ ዝም ይልና ድንገት ሰው ሁሉ በሳቅ ይፈርሳል። ያሳቃቸው ነገር ግን አይሰማም።

ፎርማቱን ቀየርኩ። ትልቁን ሞከርኩ፣ ትንሹን ሞከርኩ። ያው ነው። ሳይቆራረጥ በተጫወተ ቁጥር እሷ ትቆማለች።

መካኒኩ ደወለ።

«አንደኛ ነው እኮ! ምን ሆንኩ ነው የምትይው? ግን እህትሽ የትኛዋ ናት?»

«በሩ ላይ የቆመችው።»

«የቱ በር?»

«አንድ በር ነው ያለው።»

ቪዲዮውን መልሶ ሲያስጀምረው ሰማሁ።

«በሩ ላይ... ሰው የለም።»

ያን ጊዜ ነው ድራይቩ መጮህ የጀመረው። ቀጭ... ቀጭ... ቀጭ። በስልክ ሰማው።

«ንቀይው! እየሞተ ነው። አንድ ጊዜ ካጫወትሽው ላይነሳ ይችላል፣ ትሰሚያለሽ?»

«እሰማለሁ።»

ስልኩን ዘጋሁ። አልነቀልኩም። እትዬ ስትንቀሳቀስ ያለችው እዚያ ላይ ብቻ ነው፤ ሌላ ምን ላሳይ ለልጅቷ? እንደገና አስጀመርኩት።

ወዲያው ደረቀ።

እትዬ አጎቶቼን አልፋ መጣች። ወንበሩን አልፋ መጣች። ፊቷ ስክሪኑን እስኪሞላው ቀረበች... ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ድምፅ አልነበረውም።

«እሺ።»

ከኋላዬ።

አምስት ወር ያልሰማኋት ያቺ ቀጭን ድምፅ። ዞርኩ። ወፌ ከትምህርት ቤት መጥታ፣ ቦርሳዋን እንዳዘለች ቆማለች።

«ምን አልሽ?»

ስክሪኑን ታያለች።

«ወፌ... ምን አለችሽ?»

አፏን ገጠመች። ድራይቩ አንዴ ቀጭ አለና ዝም አለ። መካኒኩ ሦስት ቀን ታግሎ «ይሄን እኔም አላስነሳውም» ብሎ መለሰልኝ።

ልጅቷ ተናግራለች። በደስታ መጮህ ነበረብኝ። ደረቴ አካባቢ የሆነ ነገር መጣና... ተመልሶ ሄደ።

በሳምንቱ አስተማሪዋ ደወሉ።

«እንኳን ደስ ያለዎት! ዛሬ እኮ ክፍል ውስጥ ጮክ ብላ አነበበች!»

ጎረቤቴ «ወፌ ደረጃው ላይ ስትዘፍን ሰማኋት» አለችኝ። መካኒኩ በስልክ በወሬ አድርቃ ለቀቀችኝ ብሎ ሳቀ። «አንቺ ላይ ብቻ ነው እንዴ የምትኮራው?»

እኔ ፊት አንድ ቃል አትናገርም። ሰው ሁሉ ሰምቷታል፣ ከእኔ በቀር። ይሄ ብቻ አመመኝ፤ እውነቴን ነው፣ አመመኝ።

ከዚያ ትናንሽ ነገሮች ማየት ጀመርኩ።

ሶፋው ላይ ተቀምጣ አያታለሁ... በሩ ጋ ቆማ አገኛታለሁ። መሃሉን አላየሁም። ምግብ አቀርባለሁ፣ ሳህኑ ባዶ ነው። ስትበላ አላየሁም። ሻዬን ልጠጣ አነሳለሁ፣ በረዶ ሆኗል።

ጎረቤቴ ደግሞ ተቆጣችኝ።

«ምነው እንዲህ ትሆኛለሽ አንቺ? ትናንት መስኮት ላይ ቆመሽ ስጠራሽ፣ ስጠራሽ... ዓይንሽን እንኳን አልጨፈንሽም። ልጅቷ ናት እጇን ያውለበለበችልኝ።»

መስኮት ላይ መቆሜን አላስታውስም።

ትናንት፣ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ግድም፣ ብርጭቆ እያጠብኩ ነበር። ወፌ ጠረጴዛው ጋ የቤት ሥራዋን ትሠራለች።

ከቧንቧው የሚወርደው ውሃ ቆመ።

ውሃው ጠፋ ማለቴ አይደለም። ግማሽ መንገድ ላይ፣ አየር ላይ፣ ቆመ። የሳሙናው አረፋ ቆመ። ውጭ የሚጮኸው መኪና ድምፁ ተቆረጠ። እጄን ላወርድ ፈለግኩ፤ አልወረደም። ዓይኔን ልጨፍን ፈለግኩ።

ወንበር ሲገፋ አልሰማሁም። ወፌ ግን ተነስታ እየተራመደች መጣች። በእኔና በቧንቧው መሃል ገብታ ቀና ብላ አየችኝ። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ታወራለች፤ ቶሎ ቶሎ፣ እንደ ድሮዋ፣ እጇን እያወናጨፈች። አንዲት ቃል ብቻ ልስማ ብዬ ያለኝን ኃይል ሁሉ ተጠቀምኩ።

ምንም።

እጇን ጉንጬ ላይ አደረገች። ስታደርግ አየሁ፤ አልተሰማኝም።

ከዚያ ልጅቷ ቀና ብላ ከእኔ ጀርባ፣ ከእኔ ቁመት ትንሽ ከፍ ያለ፣ የእትዬ ፊት የሚደርስበት ቦታ ተመለከተች... ስለ እኔ የሆነ ነገር ጠየቀቻት መሰል፣ መልሳ አየችኝ፣ ትንሽ አሰበችና፣ ራሷን በአሉታ ነቀነቀች።